ጣሪያ ላይ ያላደረው ጨርቅ

ሱቄን በዘጋሁ በሦስተኛው ሳምንት ሦስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ቤቴ መጡ። የንግድ ፈቃድ ልመልስ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ውዬ፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ነበር። ፈቃዱን ሳወጣ የጠየቁኝን ወረቀት ሁሉ ስመልስም ጠየቁኝ። የሞት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው የቀራቸው።

«እትዬ ሜትር፣ የምረቃ መጽሔት እያዘጋጀን ነው» አለ ብሩክ የሚባለው ረዥሙ ልጅ።

ስሜ አስካለ ነው። የእንጨት ሜትር ከእጄ ስለማይለይ የትምህርት ቤቱ ልጆች «እትዬ ሜትር» ካሉኝ ዓመታት አልፈዋል።

«አበጃችሁ» አልኩት። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? መጽሔቱን ልለካው?»

«ይጻፉልን።»

«እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የቀረውን ገበያ ነው ያስተማረኝ። ለምን መምህራኑ አይጽፉላችሁም?»

«እነሱማ ይጽፋሉ። የነሱን ግን ማንም አያነበውም።»

«ስለምን ልጻፍ?»

ይህን የመለሰችልኝ መዲና ናት። በብብቷ አንድ ፌስታል ይዛለች። «ስለ ሥራ ዘመንዎ። እኛ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእርስዎ በረንዳ ስላለፍንበት አራት ዓመት። የጨርቁንም ነገር ጭምር» አለችኝ።

ሁለቱ ልጆች ወደ መሬት አዩ። መዲና ግን ዓይኔን ነው ያየችው። እሺ አልኩ። እምቢ ብል እሷ ትጽፈዋለች፤ የእሷ ብዕር ደግሞ ከእኔ ይሰላል።

የተወለድኩት ደብረ ሲና ነው። ደብረ ሲና ጉም ከሰው ጋር ቤት ገብቶ የሚቀመጥበት አገር ስለሆነ፣ ንግድ ስጀምር የሸጥኩት ሹራብና ብርድ ልብስ ነበር። አግብቼ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ የማውቀውን ዕቃ ይዤ ወረድኩ። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ሹራብ፣ በጋ ላይ። ገበያው መሃል ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሰው ይመጣል፣ አንዱን ይነካል፣ የጋለ ብረት እንደነካ ሁሉ እጁን ያነሳል፣ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ለምን የሚሆን ነው?»

«ለብርድ ነው፣ አባ።»

«ብርዱ መቼ ነው የሚመጣው? ነግሮሻል?»

ሐጅ ኑሩ ማለት እኚህ ናቸው። ትውልዳቸው አሊዩ አምባ ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም በጨርቅ ንግድ ያደሩ። ሹራቤን ወደ ደብረ ሲና በሚወጣ የጭነት መኪና መልሰው አስጫኑልኝና «ነገ በጠዋት ሱቄ ነይ፣ ጨርቅ ማጠፍ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። ማጠፍ ብቻ ስድስት ወር አጠፍኩ። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል፤ ሐጅም ሲሰጡኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

የእሳቸው ልማድ ነው ሥራዬ የሆነው፣ ስለዚህ እሱን በደንብ ልንገራችሁ። አዲስ ጣቃ ሲመጣ ወዲያው አይሸጥም። መጀመሪያ ከዳሩ ላይ አንድ ክር ይመዙና በክብሪት ያቃጥሉታል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር የገባበት ከሆነ ተኮማትሮ ጫፉ ላይ ጠጣር ዶቃ ይሠራል። ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው» ብሎ ከማለ ዶቃዋን በጣታቸው ይዘው «ይቺ ታዲያ የማን ናት?» ይሉታል። ቀጥለው የጨርቁን ጥግ ያረጥቡና በገዛ ኮፍያቸው ላይ ያሹታል። ያቺ ኮፍያ ሲጀምሩ ነጭ ናት እንጂ ሲጨርሱ ነጭ ሆና አይቻት አላውቅም። ባለቤታቸው በየሳምንቱ ታጥባለች፣ በየሳምንቱ ትራገማለች።

ሦስተኛው ጣሪያው ነው። ከእያንዳንዱ ጣቃ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ይቀድዱና ቆርቆሮው ላይ ያነጥፏታል። ግማሿ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጭናሉ፣ ግማሿን ለፀሐይ ይተዋሉ። ሰባት ቀን። በሰባተኛው ቀን ራሳቸው መሰላል ወጥተው ድንጋዩን ያነሳሉ። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ተለይቶ ከታየ ያ ጣቃ በመጣበት መኪና ይመለሳል። ካልታየ ይሸጣል። ሌላ ክርክር የለም።

አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ «ሐጅ፣ ሠርጌ እሑድ ነው፣ ይሽጡልኝ!» ብሎ ሲጮህባቸው «እንግዲያው ሌላ ሱቅ ሂድ። ወይ ሠርግህን አዘግየው» አሉት። እውነታቸውን ነበር። እኔም በገነፈልኩበት ቀን «ሐጅ፣ አንቱ ነጋዴ ነዎት ወይስ ዳኛ?» አልኳቸው። ሳቁና «የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ናት ዳኛዋ። እኔ ቀጠሮ ነው የምይዝላት» አሉኝ።

ዓይናቸው ሲደክም ቤታቸው ዋሉ። እኔ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሱቅ ተከራይቼ የዩኒፎርም ጨርቅ መሸጥ ጀመርኩ። በረንዳዬ ላይ ልብስ ሰፊው ሞላ መኪናውን ተከለ። ሞላ በእጁ ወርቅ ነው፤ በአፉ ግን ደንበኛ ያባርራል፣ እኔ በአፌ እመልሳለሁ። እንዲህ እየተጋገዝን ኖርን።

የተማሪ ልብስ ከሌላ ልብስ ይለያል። የሚሰፋው ዛሬ ለቆመው ልጅ አይደለም፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለሚቆመው ነው። ወላጅ አንዴ ነው የሚያሰፋው። ስለዚህ ልጁን ከመለካቴ በፊት እግሩን አየዋለሁ። እግሩ ከቁመቱ የቀደመ ልጅ ገና ይመዘዛል። እንዲህ ላለው ጉርዱ ወይም ሱሪው ከታች ወደ ውስጥ ብዙ ታጥፎ ይሰፋል፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ሁለት ሁለት ጣት ይለቀቅለታል። ብሩክ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ እግሩን አይቼ ሞላን «ለዚህ ያለህን ሁሉ እጠፍለት» አልኩት። አባቱ አጭር ሰው ስለሆኑ «ጨርቅ ማስፈጀት ነው» ብለው አኮረፉ። ዛሬ ከእሳቸው ጋር ሲቆም እሳቸው የእሱ ልጅ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ጨርቁ።

እነዚህ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ዓመት ትምህርት ቤቱ ለአዲስ ገቢዎች ዩኒፎርሙን ከካኪ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ቀየረ። ከላይም ከታችም አንድ ጨርቅ። ያዘዝኩት ጨርቅ መንገዱ ተዘግቶ ስለከረመ ዘገየ። የደረሰው ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በረንዳዬ ላይ ወላጅ ተሰልፏል፣ ሞላ መቀሱን ይዞ ይንቆራጠጣል። ክሩን አቃጠልኩ፣ ደህና ነው። አርጥቤ በነጭ ነጠላዬ ላይ አሸሁት፣ አልለቀቀም። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ። ሰልፉን አየሁ። ሰባት ቀን ከየት ይመጣል? ይህን ያህል ዓመት ነግጄ በእጄ ዳስሼ አላውቅምን አልኩ።

ቀደድኩት። አንድም ቁራጭ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ያ ጨርቅ ሁሉ ልጆች ላይ ወጣ።

ኅዳር ላይ መገርጣት ጀመረ። የሚገርመው አገረጣጡ ነው። ከተማ የሚኖሩትና በባጃጅ የሚመጡት ምንም አልሆኑም። በእግር የሚመጡት ናቸው የገረጡት፤ እነሱም ቢሆኑ እኩል አይደለም። ከምሥራቅ፣ ከቆላው በኩል የሚመጡት ጠዋት ሲመጡ ፀሐይዋ ከኋላቸው ናት፣ ከሰዓት ሲመለሱም ከኋላቸው ናት። ስለዚህ ጀርባቸው አመድ መሰለ፣ የልብሱ ፊት ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ከምዕራብ፣ ከተራራው ሥር የሚመጡት ደግሞ በተቃራኒው ደረታቸው ነጣ። እኔ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ አንድ ልጅ ከወዴት እንደሚመጣና ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚሄድ ከልብሱ አነብ ነበር። አራተኛ ክፍል ላቆመ ሰው ጥሩ ንባብ ነው። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች «ግማሽ ጨረቃዎች» የሚል ስም አወጡላቸው።

አንድ ጠዋት ሁለት ሴቶች የአንሶላ ጨርቅ እያማረጡ ሳለ መዲና ገባች። ያኔ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። የመጣችው ከምሥራቅ በኩል ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ። ከፊት ሳያት አዲስ ልብስ የለበሰች ትመስላለች።

«እትዬ ሜትር፣ ዘበኛው አላስገባም አለኝ። ጀርባው ሌላ ጨርቅ ነው፣ ዩኒፎርም አይደለም፣ አባትሽን ይዘሽ ነይ አለኝ። ጨርቁ የእርስዎ መሆኑን ይንገሩልኝ።»

መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር። ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሴቶቹ ግን አንሶላውን ትተው እኔን ያዩ ጀመር።

«በምንድን ነው ያጠብሽው?» አልኳት።

«በሳሙና።»

«ይሄ የሳሙና አይደለም፣ የበረኪና ሥራ ነው። በረኪና ነክቶታል።»

«ቤታችን በረኪና የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ከጎረቤት የተዋሳችሁት ዕቃ ውስጥ ነበር። ልብስ አያያዝ መማር ነው የሚሻልሽ።»

አንደኛዋ ሴትዮ «የዛሬ ልጅ!» አለችና ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። መዲና ዞራ ወጣች፤ ስትወጣ ጀርባዋን አየሁት።

የሞላ መኪና ዝም ብላ ነበር። «አስካል» አለኝ፣ «በረኪና ቢሆን ፊቱንስ ለምን ተወው?»

«አንተ ስፌትህን ስፋ።»

ሰፋ። ሁለት ቀን ግን አላናገረኝም።

ከዚያ በኋላ መዲና በበረንዳዬ አላለፈችም። ሞላ ሆን ብሎ ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ «ዛሬም የበረኪናዋ ልጅ የለችም» ይላል። ጠይቄ ያወቅኩት ከብሩክ ነው። አባቷ ሊመጡ ተነስተው ሳለ «ነጋዴዋ ራሷ በረኪና ነው ብላለች» የሚል ወሬ ደረሳቸው። ወሬውን ያደረሰችው የአንሶላዋ ሴትዮ መሆኗን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አባትየው ለልጃቸው «ያንን ልብስ ያሰፋሁልሽ እንዴት እንደሆነ እያወቅሽ በበረኪና ካቃጠልሽው፣ ሌላ የለኝም። ሽንኩርት ትከይ» አሏት። ብሩክ ይህን ነግሮኝ «እስከ ሰኞ ካልመጣች ስሟ ይሰረዛል ብለዋል» ሲል ጨመረ።

ሐሙስ ዕለት ከጨርቁ ትራፊ አንድ ቁራጭ ይዤ ሐጅ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጨለማ በቀር አይለይም። ቁራጩን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሳብ አደረጉት።

«ድርና ማጉ ደህና ነው። ጣሪያ ላይ ስንት ቀን ዋለ?»

የነጠላዬን ጫፍ ማጣጠፍ ያዝኩ።

«ድንጋዩ ጠፋብሽ?»

«ጊዜ አልነበረም፣ ሐጅ።»

«አሃ። እንግዲያው ልጆቹን ጣሪያ ላይ አሰጣሻቸዋ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የበረኪናውን ነገር ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። መቁጠሪያዋን ጥቂት አንከባለሉና «ጨርቅ ሁሉንም ሰው ያታልላል፣ እኔንም አታሎኛል» አሉ። «ልጅቷን ግን ጨርቁ አይደለም ከትምህርት ቤት ያስወጣት። እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ? ቤቷ እኮ እዚህ አይደለም።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄድኩ፤ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ነበረች። ነጠላዬን ደርቤ እንኳ ትከሻዬን እንደ ምጣድ አጋለችው። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ይህን ተሸክመው እንደሚመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያኔ ነው። ጨርቁ ምን ያድርግ?

ጋሽ ይማም፣ የመዲና አባት፣ የሽንኩርት ማሳቸውን ውሃ እያጠጡ አገኘኋቸው። መዲና ከቦዩ ማዶ አጎንብሳ ችግኝ ትተክላለች። ያንኑ ጉርድ ለብሳለች፤ ለሥራ ልብስ ወርዷል ማለት ነው።

«ጋሽ ይማም፣ እኔ ጨርቅ ሻጭዋ ነኝ። ልጅዎ በበረኪና አላጠበችም። ጨርቁ ነው መጥፎ። ሳልፈትነው ሸጥኩት፣ ቀጥዬ ደግሞ በልጅዎ አሳበብኩ።»

አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በረኪና አሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ዕድሜ ልኬን በረኪና ገዝቼ አላውቅም። ከየት አመጣችው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ነጋዴ ያውቃል አልኩ። የእርስዎን ቃል አምኜ የልጄን ጣልኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን ለምን? ልብሱን የለበስኩት እኔ አይደለሁም» አሉና ወደ ልጃቸው አመለከቱኝ።

ቦዩን ተሻግሬ ሄድኩ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ጎትቼ አወጣሁት። ያልኩትን ለእሷም ደገምኩላት። እጇን ከጭቃው ሳታወጣ አዳመጠችኝ።

«እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» አለች።

«እንግዲያው ሰኞ ትመጫለሽ?»

«አልመጣም።»

«ለምን?»

«በረኪና ያሉኝ ሰው ፊት ነው። ይሄን ግን ሽንኩርት ፊት ነው የሚነግሩኝ» አለች። አባቷ ከወዲያ ማዶ አሳላቸው፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም። «ሰኞ ሰልፍ ላይ ከነገሩ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ካልነገሩ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ችግኙ አላለቀም።»

አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ገበያ ውስጥ ከእሷ በሦስት እጥፍ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ተከራክሬ እንዲህ ተሸንፌ አላውቅም።

ቅዳሜና እሑድ እንደ ነጋዴ አሰብኩ፤ አልዋሽም። ከሁለቱ አንዱ ይቀራል፤ ወይ የእኔ ስም ወይ የእሷ ትምህርት። ሰልፍ ላይ ከተናገርኩ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለኝ ሥራ አለቀ። ካልተናገርኩ ማንም አይጠይቀኝም፤ ልጆቹ ግማሽ ጨረቃ እንደሆኑ ይቀጥላሉ፣ እሷ ሽንኩርት ትተክላለች። ምክንያት አላጣሁም። ለአንዲት ልጅ ብሎ ሱቅ ይዘጋል? ሌላም ሌላም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሞላ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በዕረፍት ቀኑ መጥቶ አያውቅም።

«ነገ ምን ትለብሻለሽ?» አለኝ።

«ወዴት?»

«ሰልፍ ላይ ነዋ። እንዲህ ተጨማደሽ እንዳትቆሚ፣ አምጪው ልተኩስልሽ።»

ሰኞ ጠዋት በተተኮሰ ቀሚስ የትምህርት ቤቱ ሰልፍ ፊት ቆምኩ። ርዕሰ መምህሩ ስለ መጪው ዓመት ጨርቅ የምናገር መስሏቸው በፈገግታ ቦታ ለቀቁልኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ከበሩ ውጭ መዲና ከአባቷ ጋር ቆማለች።

«ታውቁኛላችሁ» ስል ከኋላ አንዱ «ሜትር!» ብሎ ጮኸ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

«አዎ፣ ሜትር። ሜትሬ ልክ ነው። ጨርቄ ነው ልክ ያልሆነው። የዘጠነኛ ክፍሎች ልብስ የገረጣው በእጥበት አይደለም። እኔ ፀሐይ ላይ ሳልፈትን ስለሸጥኩት ነው። መዲና ይማም ልብሷን በበረኪና አላጠበችም። በረኪና ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያልኩትም እያወቅኩ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ተጨማሪ የምለው ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ንግግር እንደ ጨርቅ አይደለም፣ ትርፍ ታጥፎ አይቀመጥለትም። ከበሩ በኩል ዘበኛው «ግቢ፣ ግቢ» ሲል ተሰማ። መዲና ገባች፣ በሰልፉ ፊት አልፋ የክፍሏ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመች። ያ አመድ የመሰለ ጀርባዋ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ነበር፤ ነጠላዋን እንኳ አልሳበችበትም። ከፊቷ ያለው ረዥም ልጅ ዞሮ አያትና ቦታውን ለቀቀላት። ብሩክ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጎን ወስደው «እትዬ፣ ይህን ከተናገሩ በኋላ ለመጪው ዓመት ከእርስዎ መውሰድ ይከብደናል» አሉኝ።

«እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አልወስድም» አልኳቸው። በዚህ ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ በአንሶላ ነው የኖረው፤ ለሁሉም ልጅ አዲስ ጨርቅ የመተካት አቅም አልነበረኝም። የምችለውን አልኩ፤ ይህ ክፍል እስኪመረቅ በየመስከረሙ የልብሱን እጥፍ በነፃ እንለቅለታለን። ሞላ «እንለቃለን? ማን ነው የሚለቀው?» አለ። ሦስት መስከረም ሙሉ እያጉረመረመ ለቀቀላቸው፤ ክር እንኳ አላስገዛኝም።

አሥረኛ ክፍል ሲገቡ እጥፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። ታጥፎ ፀሐይ ሳያይ የኖረው ክፍል አዲስ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። በገረጣው ጉርድ ግርጌ ሁለት ጣት የሚሆን ደማቅ መስመር ዞረ። እኔ አፈርኩና ሌላ ጨርቅ ልቀጥልበት አልኩ። መዲና ከለከለችኝ፤ «ይተዉት፣ ጨርቁ መጀመሪያ ምን እንደነበር ይታይ» አለች። አሥራ አንደኛ ላይ ሁለተኛ መስመር ተጨመረ፤ የመጀመሪያው ያኔ ትንሽ ፈዝዟል። አሥራ ሁለተኛ ላይ ሦስተኛው። ሌላው ክፍል መልካም ጨርቅ ስለለበሰ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። «ግማሽ ጨረቃ» የሚላቸውም እየቀረ ሄደ።

የዚህን ክፍል ዓመታት እንግዲህ ያየሁት ከታች ወደ ላይ ነው፣ ከእጥፉ። ተራ ሲጠብቁ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መስመሮቻቸውን በጣት እየነኩ ይጨቃጨቃሉ።

«ይቺ ፊዚክስ የወደቅኩባት ናት።»

«ያንተ ሁሉም መስመር ፊዚክስ የወደቅክበት ነው።»

«ይቺኛዋን እዩአት፣ ብዙ አልገረጣችም። መንገድም ትምህርትም ተዘግቶ ቤት የከረምንበት ጊዜ ነው። ፀሐይ አላገኘችም።»

በየመስከረሙ የቀሩም ነበሩ። አንዷ አግብታ ሄደች። አንዱ በጅቡቲ በኩል ወጣ ይባላል፤ ለእሱ ሞላ ሦስት እጥፍ አጥፎለት ነበር፣ አንዱ ብቻ ነው የተለቀቀለት። ሞላ ስሙን ሲሰማ መኪናውን ያቆማል።

ሐጅ ኑሩ ዘንድሮ ከመሞታቸው በፊት መዲናን ይዣት ሄጄ ነበር። የጉርዷን ግርጌ አስጨበጥኳቸው። መስመሩን ማየት አይችሉም፤ የተፈታውን ስፌት ግን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩት። «ሦስት» አሉ። «ይሄ ጨርቅ እኔ ዘንድ ቢመጣ እመልሰው ነበር። እንዲህ እንደሚቆይ አላውቅም ነበር።» ከዚያ ስለ ጣሪያውና ስለ ድንጋዩ አጫወቷት። እሷ አንድም ሳታስቀር አዳመጠች።

የዘንድሮ መስከረም የተለቀቀው የመጨረሻው እጥፍ ነው። ከዚያ በኋላ ከጉርዶቹ ግርጌ የሚፈታ አልቀረም፤ የኔም ጉልበት እንዲሁ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሱቁን ዘጋሁ። ሞላ መኪናውን ወደ ቤቱ ወሰደ።

እንግዲህ ልጆቹ ቤቴ ወደመጡበት ቀን ልመለስ። እጽፋለሁ ካልኳቸው በኋላ መዲና ፌስታሏን ከፈተች። ክፍሉ ለምረቃው ቀን ሁሉም አንድ ዓይነት ሊያሰፋ መርጧል፤ ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ። ናሙናውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው።

«ሻጩ አይለቅም ብሎ ምሏል» አለ ብሩክ። «ዛሬ ካልወሰድን ያልቃል አለ። እትዬ፣ እንግዛው?»

እጄን ከልማድ ወደ ክብሪቱ ሰደድኩ። ክር መዘዝኩ፣ አቃጠልኩ፣ አሸተትኩ። አርጥቤ አሸሁት። ከዚያ ናሙናውን አጥፌ መለስኩላት።

«ምረቃው መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት አለው።»

«እንግዲያው ሻጩን ሰባት ቀን ጠብቀን በሉት። ያልቃል ካለ ይለቅ። እናንተ ግን አንዲት ቁራጭ...»

«ከትናንት ወዲያ አውጥቼዋለሁ» አለች መዲና። «ከድንጋይ ጋር። እኛ ጣሪያ ላይ ነው፤ የእኛ ሰፈር ፀሐይ ከዚህኛው ይብሳል ብዬ።»

ብሩክ አፉን ከፍቶ አያት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም? እዚህ ድረስ ለምን አመጣሽን?»

«ክሩን ሲያቃጥሉ ማየት ፈልጌ ነው» አለችው።

ይህን የምጽፈው ቁራጩ ጣሪያ ላይ በወጣ በስድስተኛው ቀን ነው። ነገ በጠዋት ባጃጅ ይዤ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየሁ ወደዚያው እወርዳለሁ። ጋሽ ይማም መሰላል ከጎረቤት ተውሰዋል አሉ። ድንጋዩን የምታነሳው መዲና ናት። እኔ መሰላሉን እይዛለሁ።